ምዕራፍ 7፦ የተዳፈነ እሳት

በበረዶ ወራት ጓሮ ውስጥ ሞታ የተገኘች ትንሽ ወፍ ስናይ «ብርድ ገደላት» እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ብርዱ ብቻውን አይደለም ጥፋተኛው። ሆዱ የሞላና ላባው የደረቀ ስታርሊንግ ውሃ በሚያረጋ ቅዝቃዜ ጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ ቆሞ ሲያፏጭ ሊውል ይችላል። ወፍን የሚያሸንፋት ከምሽት እስከ ንጋት ያለው ጊዜ ነው፤ ምግብ መልቀም የማትችልበት፣ ሰውነቷን ማሞቅ ግን የማታቋርጥበት ጊዜ።

ባለፈው ምዕራፍ ሮማ ሰማይ ላይ በመሸ ቁጥር የሚያንዣብበውን የስታርሊንግ መንጋ አይተናል። እያንዳንዱ ወፍ ስድስት ሰባት ጎረቤቶቹን ብቻ እየተከተለ በሺዎች የሚቆጠረው መንጋ እንዴት አብሮ እንደሚታጠፍ ተነጋግረናል። እዚያ ያቆምነው ወፎቹ ዛፉ ላይ ሲሰፍሩ ነበር። አሁን የምንጀምረው ከሰፈሩ በኋላ ነው።

ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል

ቦታችን በኒው ዮርክ ግዛት መሃል፣ ከሲራኪዩስ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የገጠር ቤት ይሁን። ከኋላው ጥዶች፣ ከጎኑ የጎረቤት ገበሬ የወተት ላሞች በረት። የአክስቴ ልጅ ቤተሰብ የሚኖረው እንዲህ ባለ ቤት ስለሆነ ወፎቹን የማውቃቸው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ታኅሣሥ 12፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 ገደማ፣ እዚያ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ቀኑ 9 ሰዓት፣ ሌሊቱ 15 ሰዓት መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅም ቀንና በአጭሩ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ አገር ቤት ላደገ ሰው የሌሊት መርዘምና ማጠር ጉዳዩ አይደለም። ብርድ እኛም ዘንድ አለ። ባሌ ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው የሳነቴ አምባ በበጋ ሌሊት ውርጩ ያነጣል። ግን እዚያም 12 ሰዓት ገደማ የታገሠ ፍጡር ፀሐይን ያገኛል። ሲራኪዩስ አጠገብ ያለችው ወፍ ሦስት ሰዓት መጨመር አለባት፤ ያውም በየቀኑ ለምግብ ከምታገኘው ሰዓት ላይ ሦስቱ ተቀንሶባት።

ነገሩን ለመረዳት የገጠር ምድጃ ይበቃናል። ደመ ሞቃት የሆነ እንስሳ ሁሉ በውስጡ የሚነድ እሳት ይዞ ይዞራል፤ ማገዶው ምግብ ነው። የወፍ እሳት ከእኛ ይበረታል፦ የሰውነቷ ሙቀት በአብዛኛው ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ማገዶ ሳይበቃት የመሸባት እናት ምን ታደርጋለች? ሳይጨልም ጭራሮ ለቅማ ታከማቻለች፣ ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ትደፍናለች፣ ሲመሽም ፍሙን በአመድ ትዳፍነዋለች። የበረዶ ወራት እንስሳት ያላቸው ዘዴ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ልዩነታቸው የትኛውን አብልጠው እንደሚጠቀሙ ነው።

ጭራሮና ጉማጅ

በምዕራፍ 2 ዝሆን ጆሮዋን ለምን እንደምታራግብ ስናይ አንድ ሕግ ይዘን ወጥተን ነበር፦ ሙቀት የሚፈጠረው በሰውነት ውስጥ ነው፤ የሚያመልጠው ግን በቆዳ በኩል ነው። የአንድን አካል ቁመት በእጥፍ ብናሳድገው ቆዳው 4 ጊዜ ሲሰፋ ውስጡ 8 ጊዜ ይጨምራል። ስለዚህ ትልቅ እንስሳ ለሚያመነጨው ሙቀት ማምለጫው ጠባብ ነው። ዝሆን ሙቀቷን ማስወገድ የሚቸግራት፣ ትንሽ ወፍ ደግሞ ማስቀረት የሚቸግራት ለዚህ ነው። ጉማጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲግም ያድራል፤ ጭራሮ ነድዶ ያልቃል።

ከጥዶቹ መካከል ኪንግሌት የምትባል፣ አናቷ ላይ ቢጫ መስመር ያላት ወፍ አለች። ክብደቷ 5 ወይም 6 ግራም ነው። በርንድ ሃይንሪክ የተባለው ተመራማሪ ሜይን ግዛት ጫካ ውስጥ እነዚህን ወፎች ብዙ ዘመን ተከታትሏል፤ ከቅርንጫፍ ጋር ተጣብቀው በብርድ የደረቁ አባጨጓሬዎችን ቀኑን ሙሉ እየለቀሙ እንደሚኖሩ አግኝቷል። ቺካዲ የምትባለው፣ ጥቁር ቆብ የደፋች የምትመስለው ወፍ 11 ግራም ገደማ ናት። ስታርሊንግ 80 ግራም ይሞላል። ከሁሉም በላይ አጋዘን አለች። አራቱም በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጓሮ፣ በአንድ ብርድ ያድራሉ። ችግራቸው ግን አንድ አይደለም።

ስታርሊንግ ሣር ላይ

ስታርሊንግ ሣር ላይ እንደ ብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች አይዘልም፤ ደረቱን ገፍቶ ይራመዳል። ጠጋ ብላችሁ መንቁሩን ተመልከቱ። ዘግቶ ሣሩ ሥር ይወጋዋል፣ ከዚያ አፈሩ ውስጥ እንዳለ ይከፍተዋል። አፈሩ ይፈነቀላል፣ ትንሽ ጉድጓድ ይፈጠራል፤ በዚያው ቅጽበት ሁለቱ ዓይኖቹ ወደ ፊት ዞረው በመንቁሩ መካከል ቁልቁል ያያሉ። የብዙ ወፎች የመንጋጋ ጡንቻ የሚበረታው ለመንከስ ነው። የስታርሊንግ የሚበረታው ለመክፈት ነው። ሌላው ወፍ ሣሩ ላይ ምንም ነፍሳት የለም ብሎ ትቶት በሄደው መስክ፣ ስታርሊንግ ሥር ለሥር ተኝቶ የሚከርመውን እጭ እያወጣ ይበላል።

መሬቱ ሲረጋ ወይም በረዶ ሲሸፍነው ይህ ሙያ አይሠራም። ያኔ መንጋው ወደ ላሞቹ በረት ይዞራል። ከመኖው መካከል በቆሎውን መርጦ ያነሳል፤ በረቱም በላሞቹ ትንፋሽና ገላ የሞቀ ነው። እህል ከትል ይልቅ ለመፍጨት ስለሚከብድ የወፉ አንጀት ራሱ በዚህ ወቅት ይረዝማል፤ ነፍሳት ሲበዙ መልሶ ያጥራል። እንዲህ ያለ ሆድ ያለው ፍጡር አገር ለቆ የሚሄድበት ምክንያት ብዙም የለውም።

ጎረቤት ገበሬ ይህን ሲሰማ ደስ አይለውም። ስታርሊንግ በአሜሪካ ገጠር የሚወደድ ወፍ አይደለም። አገሩ አውሮፓና እስያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ዩጂን ሺፈሊን የተባለ ሰው 60 ያህል ወፎች፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ 40 ያህል ኒው ዮርክ ከተማ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ለቀቀ፤ ዛሬ አላስካ ድረስ አሉ። ሰውየው የሼክስፒርን ወፎች በሙሉ አሜሪካ ለማስገባት አስቦ ነው የሚለው ተረት በየመጽሐፉ ቢደጋገምም ማስረጃ አልተገኘለትም። መኖ ይበላል፣ በረት ያቆሽሻል፣ የግዛቲቱ መለያ የሆነችውን ሰማያዊ ወፍ ብሉበርድን ከዛፍ ጎሬ ያፈናቅላል። ለብሉበርድ ጎጆ ሳጥን የሚሰቅል ሰው መግቢያውን 38 ሚሊሜትር ቢያደርገው ብሉበርድ ትገባለች፣ ስታርሊንግ አይገባም።

እኔ ግን እወደዋለሁ። በግድ ያመጡትን ወፍ ለምን መጣህ ማለት ትክክል አይመስለኝም። አክስቴ የእንጀራ ፍርፋሪ ሲበትኑ ልጃቸው «ለነሱ አትስጫቸው፣ ሌሎቹን ያባርራሉ» ሲላቸው «ታዲያ እነሱ ሆድ የላቸውም?» ይላሉ። ደግሞም ለዓይን አያንስም። መከር ሲቃረብ የሚለብሰው አዲስ ላባ ጫፉ ነጭ ስለሆነ በብርዱ ወራት መላ ገላው ነጠብጣብ ነው። ነጩ ጫፍ በወራት ውስጥ እየተፋቀ ያልቅና በጸደይ ሥሩ ያለው አረንጓዴና ወይን ጠጅ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ብቻ ይቀራል። ልብሱን ሳይቀይር መልኩን ይቀይራል።

ማታ ላይ መንጋው የሚመርጠው ቅጠላቸው የማይረግፈውን ጥዶች፣ የድልድይ ሥር ወይም የበረት ጣሪያ ነው፤ ዋናው ነገር ነፋስ መከለሉ ነው። ላባ የሚያሞቀው በመሃሉ በያዘው አየር ነው። ወፉ ላባውን ሲያቆም የአየሩ ንብርብር ይወፍራል፤ ነፋስ ግን ያን አየር ጠርጎ ይወስደዋል። ስታርሊንግ ሙቀቱን እጅግ ዝቅ አድርጎ አያድርም። ትንሽ ጉማጅ ነውና ያከማቸውን ስብ እያነደደ፣ ቀዳዳውን ደፍኖ ያነጋል።

ለምን ጠግባ አትሰባም?

ቺካዲ ሰዎች ጓሮ ውስጥ ለወፎች ወደሚሰቅሉት መመገቢያ ስትመጣ አንድ የሱፍ ፍሬ ብቻ ታነሳለች። ቅርንጫፍ ላይ ወስዳ በሁለት እግሮቿ መካከል ትይዘዋለች፣ በመንቁሯ ትቀጠቅጠዋለች፣ ፍሬውን ታወጣለች፣ እንደገና ትመለሳለች። አንዳንዱን አትበላውም፤ ቅርፊት ሥር ትሸጉጠዋለች። እንዲህ በየቦታው የደበቀችውን ከሳምንታት በኋላ እንኳ አስታውሳ ታወጣለች።

እ.ኤ.አ. በ1974 ሱዛን ቻፕሊን የተባለች ተመራማሪ የእነዚህን ወፎች የዕለት ሒሳብ ለክታ ነበር። ማታ ሲገቡ ከክብደታቸው 7 በመቶ ገደማ ስብ ነው፤ ጠዋት 3 በመቶ ገደማ ይቀራል። 11 ግራም ለምትመዝን ወፍ 7 በመቶ ማለት ከአንድ ግራም በታች ነው። ሌሊቱን የምትሻገረው በዚያች ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ለምን 15 በመቶ አታደርገውም?» ቢል ትክክል ነው። መልሱ ጭልፊት ነው። የከበደች ወፍ ስትነሳ ትዘገያለች። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የተገኘው እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ አጠገብ ካለው የዋይታም ጫካ ነው። በፀረ ተባይ መድኃኒት ምክንያት ጭልፊቶች ከአካባቢው በጠፉበት ዘመን እዚያ ያሉት ግሬት ቲት የሚባሉ የቺካዲ ዘመዶች ክብደታቸው ጨምሮ ነበር። መድኃኒቱ ታግዶ ጭልፊቶቹ ሲመለሱ ወፎቹ መልሰው ቀለሉ። ስለዚህ ትንሽ ወፍ ስብ የምትይዘው የምትችለውን ያህል ሳይሆን የሚያስፈልጋትን ያህል ነው። ማገዶዋን በልክ ትለቅማለች ማለት ነው፤ አንድ ክፉ ቀን፣ ለምሳሌ ቅርንጫፉን ሁሉ በበረዶ የሚለብጥ ዝናብ፣ ሒሳቡን ያፈርሰዋል።

ጓሮ ውስጥ ምግብ ማስቀመጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተደረገ ጥናት መመገቢያ ካገኙት ቺካዲዎች 69 በመቶው ከበረዶ ወራት ሲተርፉ ካላገኙት የተረፉት 37 በመቶው ነበሩ። ልዩነቱ የጎላው ብርዱ በበረታባቸው ወራት ነው። ሞራ ከእህል ይልቅ በግራም እጥፍ ያህል ጉልበት ስላለው ከሥጋ ቤት የተገዛ ያልበሰለ የበሬ ሞራ በሽቦ ወንፊት አድርጎ መስቀል ይበቃል፤ ጨው አይግባበት። ከምሽቱ በፊት ያለው የመጨረሻ ሰዓት ወፎቹ የሚሻሙበት ነውና መመገቢያው ባዶ መሆን የሌለበት ያኔ ነው። አልፎ አልፎ ማጠብም ያስፈልጋል፤ ብዙ ወፎች የሚነኩት ነገር በሽታ ያስተላልፋል።

ፍሙን መዳፈን

ቻፕሊን ስቡን ብቻ አይደለም የለካችው። ከአንድ ግራም ያነሰው ስብ በቀን ሙቀቷ ለሚያድር ወፍ ረጅሙን ሌሊት አያደርስም። ቺካዲ የምታደርሰው የሰውነቷን ሙቀት በ10 ወይም በ12 ዲግሪ ዝቅ አድርጋ ስለምታድር ነው። ከ42 ወደ 30 ገደማ ትወርዳለች፤ ይህን ያህል መውረድ ሰውን ሊገድለው ይችላል። እሷ ግን ጎሬዋ ውስጥ ኳስ መስላ፣ መንቁሯን ላባዋ ውስጥ ቀብራ ትቀመጣለች፤ ንጋት ሲል በመንቀጥቀጥ ራሷን አሙቃ ትወጣለች። ሳይንቲስቶች ልክ ያለው የሙቀት ቅነሳ ይሉታል። እኛ የተዳፈነ ፍም ብንለው የምናጣው ነገር የለም፤ አመዱ ሲገለጥ ጠዋት የሚጫረው እሳት አለ።

አትክልቱ ዳር ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖረው ግራውንድሆግ የሚዳፍነው ለአንድ ሌሊት አይደለም። በመከር ወፍሮ ይገባና ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ ተነስቶ ከ10 በታች ይወርዳል፤ ልቡ በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይመታል። የእንጨት እንቁራሪት የምትባለው ደግሞ ጨርሳ ታጠፋዋለች። በደረቀ ቅጠል ሥር ተኝታ ከሰውነቷ ውሃ እስከ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው በረዶ ይሆናል፣ ልቧ ይቆማል። ጉበቷ በደሟ የሚረጨው ስኳር ሴሎቿን ከመሰባበር ይጠብቃቸዋል። በረዶው ሲቀልጥ ልቧ እንደገና መምታት ይጀምራል። በመጋቢት መጨረሻ ከኩሬው የምትጮኸው እሷ ናት።

ለሚያንቀላፋ እንስሳ ዋናው ወጪ መተኛቱ ሳይሆን መንቃቱ ነው። ግራውንድሆግም የሌሊት ወፍም በበረዶ ወራት መካከል በየጊዜው ይነቃሉ፤ ቀዝቃዛ ገላን መልሶ ማሞቅ ለቀናት ከሚፈጀው እንቅልፍ የበለጠ ስብ ይበላል። ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የታወቀው እዚያው ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከኦልባኒ ከተማ በስተምዕራብ ባለ ዋሻ አፍንጫቸው ላይ ነጭ ሻጋታ ያበቀሉ የሌሊት ወፎች ታዩ። ሻጋታው ቆዳቸውን እየጎዳ ቶሎ ቶሎ ያነቃቸዋል፤ ስባቸው ጸደይ ሳይደርስ ያልቃል። ከዚያ ወዲህ በሰሜን አሜሪካ ሚሊዮኖች አልቀዋል። ብዙዎቹ የሞቱት በረሃብ ነው፤ ፍሙን ደጋግሞ መግለጥ ማገዶ ይጨርሳል። ከቤት ኋላ የተከመረ አሮጌ እንጨት ወይም የቅጠል ክምር በጥር ማንሳት የማይመከረውም ከዚሁ የተነሳ ነው፤ ከሥሩ ማን እንደተኛ አይታወቅም።

ትተው የሚሄዱት

ሌላው መፍትሔ ረጅሙን ሌሊት ጥሎ መሄድ ነው። የሰሜን አሜሪካ ወፎች ብዙዎቹ የሚሄዱት ወደ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ እንዲሁም ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ነው። የአውሮፓና የእስያ ወፎች ግን ብዙዎቹ የእኛ እንግዶች ናቸው። በበጋ ከብት እግር ሥር ጭራዋን እያወዛወዘች የምትሮጠው ቢጫ ወፍ፣ ጣና ዳርና ቢሾፍቱ አጠገብ ጨለቅለቃ ሐይቅ ላይ የሚያድረው የሰሜን ክሬን ከዚያ የመጡ ናቸው። ዊትኢር የምትባለው 25 ግራም ገደማ የሆነች ወፍ ደግሞ ከአላስካ ተነስታ እስያን አቋርጣ ምሥራቅ አፍሪካ እንደምትከርም ትንንሽ መከታተያ ተደርጎላት ተረጋግጧል።

ለሙቀት ብለው የመጡ ይመስለናል፤ ነገር ግን የጣና ዳር ማለዳ ራሱ ይበርዳል። የሚያተርፉት በየቀኑ ለመመገብ ተጨማሪ ሦስት ሰዓት፣ እንዲሁም የማይረጋ መሬትና የማይጠፋ ነፍሳት ነው። ለዚያ ትርፍ የሺህ ኪሎሜትሮች ጉዞ ይከፍላሉ።

ሌሊት የሚቆጥሩና ወራት የሚቆጥሩ

በሲራኪዩስ አካባቢ ብርዱ የሚበረታው በጥርና በየካቲት ነው፤ ሌሊቱ ግን ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ እያጠረ መጥቷል። በዚህ ጊዜ ስታርሊንጎቹን ብታዩአቸው ጥቁር የነበረው መንቁራቸው ከሥሩ ቢጫ መሆን ጀምሯል። የቀኑ መርዘም ሆርሞናቸውን እያነቃቃ ለመዋለድ እያዘጋጃቸው ነው። ሰዎቹ ገና በረዶ በአካፋ እየዛቁ ሳለ ወፎቹ ከጭንቁ ወር እየወጡ ነው።

አጋዘን ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። ትልቅ ጉማጅ ናትና አንድ ሌሊት አያስፈራትም፤ በመከር ያጠራቀመችው ስብ ለወራት ነው። በብርዱ ወራት እንቅስቃሴዋን ትቀንሳለች፣ የምትበላውም ያንሳል፤ ጥቅጥቅ ባለ የጥድ ሥር ከነፋስ ተከልላ ትቆያለች። የሚከብዳት ስቧ ያለቀበትና ሣር ያልበቀለበት የመጋቢት ወር ነው። ያኔ ጎድኗ ሲታይ አይቶ የሚያዝን ሰው በቆሎ ይበትንላታል። ይህ ሊገድላት ይችላል። በሆዷ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን በዚያ ወቅት የለመዱት የቅርንጫፍ ጫፍና ቅርፊት መፍጨት ነው። ድንገት ብዙ እህል ሲገባ ሆዷ አሲድ ይሞላል፤ ሆዷ በበቆሎ እንደሞላ የሞተች አጋዘን ማግኘት ለአካባቢው የዱር እንስሳት ባለሙያዎች አዲስ ነገር አይደለም። በዚህም፣ ተሰብስበው ሲበሉ በሽታ ስለሚጋባባቸውም የኒው ዮርክ ግዛት ሕግ አጋዘን መመገብን ይከለክላል። የወፎቹንም መመገቢያ ቢሆን ምግቡ ድቦችን እንዳይስብ ከእንቅልፍ ሳይነሱ ማውረድ ነው።